«ጨጓራ አለብኝ» በል፦ ከተማሪዎች ጋር ስለ ሱስ የማወራው እንዴት ነው

በየዓመቱ ሰኔ 19 የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቲሸርት ይታደላል። ቀኑን የመረጠው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለሆነ የኛን የትምህርት ካላንደር አያውቅም። ሰኔ 19 ቀን የኛ ተማሪ ወይ ፈተና ላይ ነው፣ ወይ ፈተናውን ጨርሶ ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት የምሄደው ጥቅምት ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ ገና ጓደኛ እየመረጠ ነው። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ከትምህርት በኋላ የት እንደሚሄድ የሚለይለት ያኔ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞቼ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ማለቱን ትቼዋለሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የባዮሎጂ መምህሩ ደንበኛዬ ነው። አንድ ቀን የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ መጥቶ «ልጆቹ ስለ ኪኒን የሚያወሩት ነገር አላማረኝም፣ መጥተሽ አናግሪልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር መሞከር ለሚፈልጉ መምህራን፣ የክበብ ተጠሪዎችና ወላጆች ነው። የሠራልኝን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የምልከው የጫማ ካርቶን ነው። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለው። ለሁሉም ተማሪ እኩል የተቆረጠ ወረቀት ይታደላል። ስም አይጻፍም። ጥያቄ ያለው ይጽፋል፤ የሌለው ባዶውን አጥፎ ይከታል። ይህቺ ባዶ ወረቀት ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን እሷ ከሌለች ካርቶኑ ጋ የታየ ልጅ በሙሉ «ቃሚ» ተብሎ ይቀራል። መምህሩም ወረቀቶቹን ሳያነብ ነው የሚሰጠኝ። የእጅ ጽሑፍ ይለያላ!

የሚመጡት ጥያቄዎች በየዓመቱ ይመሳሰላሉ። «ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም፣ ይሄ ሱስ ነው?» «ሺሻ ፍራፍሬ ነው አይደል?» «አባቴ ራሱ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ አንተ እንዳትቃም ይለኛል። ምን ልበለው?» «ወንድሜ ኪኒን ይወስዳል። ለእማዬ ብነግራት ከዳሁት ማለት ነው?» «ጋንጃ ተፈጥሮ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» እነዚህን ያነበበ ሰው «አደንዛዥ ዕፅ ትውልድ ገዳይ ነው» የሚል ንግግር ይዞ አይገባም። እሱን ማንም አልጠየቀም።

የምጀምረው በጫት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጫትን «የሰይጣን ቅጠል» ብላችሁ ከጀመራችሁ የክፍሉን ግማሽ አጥታችኋል። ወሎ ላይ አያቱ ዱአ ሲያደርጉ ጫት ከፊታቸው የነበረ ልጅ አለ። ሐረርጌ ላይ ቤተሰቡ በጫት ማሳ የሚተዳደር ልጅ አለ። አባቱን ሰይጣን ስትሉበት እናንተን መስማት ያቆማል። እኔ ስለ አባቱ አላወራም። ስለ ቅጠሉና ስለ ልጁ ጭንቅላት ነው የማወራው።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ የሚጠቀለለው፣ ጫት የጫነው አይሱዙም እንደ እብድ የሚበረው ለዚህ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ይነቃል። አይሱዙውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለምን እንደሚከንፍ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ካቲኖን የሚለውን ስም ከዚያ በኋላ አይረሱትም።

ከዚያ ወደ ጥናቱ እንመጣለን። ምርቃና ላይ ያለ ልጅ መጽሐፉ ላይ ለሰዓታት ሊቀመጥ ይችላል። ይህን አልክድም፤ ብክድ ከመካከላቸው የሞከሩት ይስቁብኛል። ግን የተነበበው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው ሌሊት፣ በእንቅልፍ ነው። ሲቅም ያመሸ ልጅ እንቅልፍ የለውም። ጠዋት ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ትናንት ያነበበው ደግሞ ጉም ሆኗል። በዚያ ላይ «ጨብሲ» አለ። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይፈለጋል። ስለዚህ ጫት ብቻ የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ጫት ብቻ ላይ አይቆይም። አንዱ ከሰዓት ላይ ያነቃዋል፣ ሌላው ማታ ያስተኛዋል።

የ12ኛ ክፍል ልጆችን ለብቻ አገኛቸዋለሁ። የ2014 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃታቸው ሌላ ነው። ፈርቶ የሚቅም ልጅ ደግሞ ለጨዋታ ከሚቅመው ይለያል፤ «ተው» ስትሉት «ታዲያ በምን ላጥና?» ነው የሚላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስታውሳቸዋለሁ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚፈተኑት ከሆነ በር ላይ ፍተሻ አለ። ጫት ይዞ አይገባም። ያለ ጫት ማንበብ የማይችል ልጅ በዓመቱ ትልቁን ፈተና የሚፈተነው በሀራራ ነው ማለት ነው። ይህ ከማንኛውም የጤና ምክር በላይ ይገባቸዋል። ከዚያ የምንነጋገረው ስለ ጥናት ፕሮግራም ነው፦ ማታ በጊዜ ተኝቶ ንጋት ላይ መነሳት፣ በቡድን መጠያየቅ፣ የከበደውን ትምህርት ጠዋት ማድረግ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መልስ የሌለው ክልከላ ከዚህ የባሰ አሰልቺ ነው።

ስለ ሺሻ ብዙ አልልም። የፍራፍሬው ሽታ ጭሱን አይለውጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስ መጠኑ ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። በቂ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጫቱ በየመንገዱ ስለሚሸጥ ወላጅ ያየዋል፣ ይሸተዋል። ኪኒን ግን አይሸትም። ዓይን አያቀላም፣ ጥርስ ላይ አረንጓዴ አይተውም። ልጆቹ በብዛት የሚጠሩት ትራማዶልን ነው። ለከባድ ሕመም ማስታገሻ የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኔም በትክክለኛ ማዘዣ እሸጠዋለሁ። ግን የሞርፊን ዘመድ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑን ያስጨምራል። ሲበዛ ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ከመጠጥ ወይም እንደ ዲያዜፓም ካለ የሚያስተኛ መድኃኒት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ልጆቹ «ሐኪም ያዘዘው፣ ፋብሪካ የሠራው ነገር እንዴት ይገድላል?» ይሉኛል። የመድኃኒት ቤት ስም ያለበት ማሸጊያ እምነት ይፈጥራል።

ባንኮኒ ላይ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ማዘዣ ላይ 10 የነበረው 40 ሆኖ ይመጣል፤ እስኪርቢቶው ሳይቀር ይለያያል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ ጃኬት ደርቦ «ለአያቴ ነው» የሚል ይመጣል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የሚጠይቅ፣ ግን አንዴም የማያስል ይመጣል። አልጮህበትም። «የለም» ብዬም አልዋሽም። «ይሄን ያለ ማዘዣ አልሰጥህም፣ ግን አንተን የሚያምህ ምንድነው?» እላለሁ። አብዛኛው ዞሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ይቆማል። አንዱ ልጅ ቆሞ የነገረኝ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነበር። ለዚህ ኪኒን አልነበረኝም፤ የምልከው ሰው ግን ነበረኝ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፦ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሙያ ጓደኞች አሉን። የሰፈር ልጅ የትኛው በር እንደሚከፈት ከኛ በላይ ያውቃል።

አሁን ርዕሱ ላይ ያለችው ጨጓራ። ልጆች ሱስ ጎጂ መሆኑን አያውቁም ብሎ የሚያስብ ሰው ከልጆች ጋር አልተቀመጠም። ያውቃሉ። የማያውቁት ጓደኛቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲዘረጋላቸው ምን እንደሚሉ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር ትዝ አይልም። ትዝ የሚለው «ፋራ» እንዳይባል ነው። ስለዚህ እናለማምዳለን። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ይጋብዛል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ጋባዡን የሚጫወተው የክፍሉ ቀልደኛ ቢሆን ይመረጣል፤ እውነተኛው ጋባዥም እንደዚያ ነውና።

«በላ አንድ ቅጠል ብቻ፣ አቦ!»
«አልፈልግም።»
«ኧረ ፋራ አትሁን፣ ሙድ አታበላሽብን።»

እዚህ ላይ አብዛኛው ልጅ ይጠፋዋል። «አልፈልግም» ካለ በኋላ ምክንያት ይጠየቃል። ምክንያቱን ከሰጠ ክርክር ይጀመራል። ክርክር ከተጀመረ ጋባዡ ያሸንፋል። ስለዚህ መልሱ አጭር፣ ተደጋጋሚና የማያጣላ መሆን አለበት። ልጆቹ ራሳቸው ሲፈልጉ ብዙ አወጡ። «ነገ ጠዋት ኳስ አለኝ።» «ፋዘር ይሸተዋል።» አንዷ «ፆም ላይ ነኝ ብልስ?» አለች። ከኋላ አንዱ «ጫት እኮ የፆም ነው!» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያሸነፈው ግን «ጨጓራ አለብኝ» ነው። እውነትም ኢትዮጵያ ውስጥ ጨጓራ አለብኝ ያለን ሰው ማንም አይከራከረውም። ሁሉም የራሱን ጨጓራ ማውራት ይጀምራል፤ ስለ ተልባና ስለ ጥቁር አዝሙድ ምክር ይመጣል፤ ግብዣው ተረስቶ ይቀራል። አንዳንድ መምህራን «ልጆቹን ውሸት አስተማርሻቸው» ብለውኛል። ይሁን። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ከአምስት ጓደኞቹ መካከል በሰላም ተነስቶ ቤቱ ከሄደ ለእኔ በቂዬ ነው።

ሴቶቹን የማለማምደው ትንሽ ይለያል። ግብዣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚከፍልላቸው ትልቅ ሰው ነው፤ እምቢታውም አደጋ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከቃል በላይ አብሮ መሄድና አብሮ መመለስን ነው የምንነጋገረው። ብርጭቋችሁን ትታችሁ አትነሱ። ጓደኛችሁ ከሰከረች ብቻዋን አትተዉአት። «ነይ ውሰጂኝ» ተብላ ስትደወልላት ጥያቄ ሳትጠይቅ የምትመጣ አንዲት አክስት ወይም ታላቅ እህት ትኑራችሁ። ስሟን አሁን አስቡ እላቸዋለሁ።

ትምህርት ቤቶች ከሱስ የወጣ ሰው ጋብዘው ምስክርነት ማሰማት ይወዳሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ተማሪው ያለቅሳል፣ ርእሰ መምህሩ ይረካል። እኔ ግን አልደግፈውም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መከላከያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣውና በኋላ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ባሻሻለው የመከላከል መመሪያ ላይ እንዲህ ዓይነት ምስክርነትና ማስፈራራት ውጤት ካላሳዩ መንገዶች ተርታ ተቀምጠዋል። ለምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ታዩታላችሁ። ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰው ሁሉን ሞክሮ፣ ዳግም ድኖ፣ አሁን ማይክ ይዟል። አንዳንዱ ልጅ የሚወስደው ትምህርት «ሞክሬ መውጣት ይቻላል» የሚለውን ነው። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ላይ ፖሊሶች ክፍል ገብተው የሚያስተምሩበት ትልቅ ፕሮግራም ጀምረው ነበር። በመላው አገር ተስፋፋ። በኋላ ሲጠና ልጆቹ መጠቀም ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የሚሠራውን አይስላንዶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ልጆቻቸው 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሰክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ደረሰ። የሠሩት ስብከት አልነበረም። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ስፖርትና ሙዚቃ እንዲኖራቸው ገንዘብ መደቡ፣ ወላጆች ተስማምተው ማታ የሚገባበትን ሰዓት አንድ አደረጉ። የነሱ በጀት የለንም። ግን ከትምህርት መውጫ እስከ እራት ያለው ሰዓት የኛም ችግር ነው። መምህሩ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፦ የሚኒ ሚዲያውን ክፍልና የኳስ ሜዳውን ከትምህርት በኋላ ክፍት ማድረግ። ዘበኛው መጀመሪያ አልተስማማም ነበር። አሁን ቡድን የሚያሰለጥነው እሱ ነው።

ለወላጆች ስናገር ሕጉን አስታውሳለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥና ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። ብዙ ወላጅ ዕድሜው 18 ይመስለዋል። ባለሱቁን ሄዶ «ለልጄ እንዳትሸጥ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ግን እዚያው ላይ «በበዓል ለልጅ ቢራ ወይም ጠጅ ማቅመስ ምን ችግር አለው?» የሚል አባት አይጠፋም። መጠጥን በአሥራዎቹ መጀመሪያ የጀመረ ልጅ በኋላ የመጠጥ ጥገኛ የመሆን ዕድሉ ዘግይቶ ከጀመረው ከፍ ያለ ነው። ለበዓሉ ብርዝ አለ፣ ለስላሳም አለ።

ሌላው የወላጅ ጥያቄ «በምን አውቃለሁ?» ነው። አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ጉርምስና ራሱ እንግዳ ነገር ያመጣል። ብዙ ነገር አብሮ ሲለወጥ ግን ተጠራጠሩ። ጓደኛ በአንድ ጊዜ ተቀየረ፣ ውጤት ወረደ፣ ሌሊት አይተኛም ቀን አይነቃም፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ ከቤት ይጠፋል፣ ባዶ የኪኒን ልጣጭ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ልጣጩን ካገኛችሁ አትጣሉት። ለኔ ወይም ለአቅራቢያችሁ ፋርማሲስት አምጡት፤ ምን እንደሆነ እንነግራችኋለን። ልጁን የምታናግሩት ደግሞ በዚያው ሌሊት፣ በንዴት፣ ጎረቤት እየሰማ አይሁን። በነጋታው፣ ጥጋብ ላይ፣ ለብቻው። «ምን አባክ ሆነህ ነው» ብሎ የጀመረ ወሬ የትም አይደርስም። «ይሄን አገኘሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ንገረኝ» ብሎ የጀመረ ግን አንዳንዴ ይደርሳል።

የወንድሟን ነገር ለእናቷ ለመንገር የፈራችው ልጅ ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። እንዲህ ነው የምለው፦ ወንድምሽ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ለእማዬ ትነግሪያለሽ። ይሄም እንደዚያው ነው።

አንድ ስህተት በብዙ ቤት አያለሁና እሱን ላንሳ። ቤተሰብ ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎ «እስኪተወው» ይጠብቃል። ጫት ላይ ያለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደብተዋል፣ ብዙ ይተኛል፣ ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ከባድ ነው፣ ግን በብዛት ያልፋል። መጠጥ ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ ኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በአንድ ቀን ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊሞትም ይችላል። ትራማዶልንም በድንገት ማቆም ያሰቃያል። እነዚህን ቀስ በቀስ የሚያስቆም ሐኪም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል» ሲባል ብዙ እናት ትደነግጣለች፤ «ልጄ አብዷል ይሉብኛል» ትላለች። ግቢው ውስጥ ግን በሱስ ምክንያት የመጡ ተማሪዎች፣ ሾፌሮች፣ የባንክ ሠራተኞች ሁሉ አሉ። ሩቅ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይልኳችኋል። ጠበል የምትወስዱትም ውሰዱት፣ ዱአ የምታደርጉትም አድርጉ። መድኃኒት የታዘዘለት ከሆነ ግን መድኃኒቱ አይቋረጥ። አብሮ ይሄዳል።

ልጃችሁ ወይም ጓደኛችሁ ኪኒን ወስዶ ሲጠሩት የማይነቃ፣ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ የዘገየ ከሆነ ተኝቷል ብላችሁ አትተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። የወሰደውን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ተማሪዎቹን ይህን ሳስተምር ቁጥሩን ሁሉም ስልኩ ላይ እንዲመዘግበው አደርጋለሁ፤ ፖሊስን ፈርቶ ጓደኛውን ጥሎ የሚሸሽ ልጅ ስላለ ነው።

ዛሬ ማታ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ካስፈለገ ቤት ውስጥ ያለውን መሳቢያ ክፈቱ። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ማስታገሻ፣ የአያት የእንቅልፍ ኪኒን፣ ግማሹ የቀረ የሳል ሽሮፕ አይጠፋም። በሥራ ላይ ያለውን ቆጥራችሁ ቆልፉበት። የተረፈውን መጸዳጃ ቤት አትድፉት፣ ለሰፈር ልጅ «ጣልልኝ» ብላችሁም አትስጡት። በፌስታል አድርጋችሁ ወደ መድኃኒት ቤት አምጡና እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።